ጉልበት ያጣው ኦጀር፦ ማና ወረዳ ላይ 5,000 የቡና ጉድጓድ

ስልኩ የተደወለው በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መገባደጃ ላይ ነው። ደዋዩ ከጅማ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ማና ወረዳ ውስጥ ቡና ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው። «የጉድጓድ መቆፈሪያው ሞተር ሞቷል ብለውኛል። መጥተህ እየውና አዲስ ልግዛ ወይስ ልተወው፣ ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። እኔ የሃይድሮሊክ መካኒክ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በመንገድ ሥራ ሎደርና ኤክስካቫተር ላይ ነው። በትናንሽ ትራክተር ላይ የሚገጠም ኦጀር፣ ማለትም ጉድጓድ የሚቆፍር ጠመዝማዛ፣ ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ነገ እመጣለሁ» አልኩ እንጂ ስለ ሞተሩ በስልክ ምንም አላልኩም።

የተባለው ማሽን ይኼ ነው። 35 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር፣ ከፊቱ ሎደር ያለው። የሎደሩ ባልዲ ወልቆ በምትኩ ኦጀር ተንጠልጥሏል፤ ከላይ የሃይድሮሊክ ሞተር፣ ከታች 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠመዝማዛ ብረት። የትራክተሩ ፓምፕ ዘይት ገፍቶ ወደ ሞተሩ ይልካል፣ ሞተሩ ጠመዝማዛውን ያዞራል፣ ዘይቱ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። በትራክተሩ ኋላ በሚሽከረከር ዘንግ የሚሠራ ኦጀርም አለ። እሱ ግን ወደ ኋላ አይዞርም፤ ሥር ወይም ድንጋይ ውስጥ ተጠምዝዞ ከገባ በቁልፍና በሰው ጉልበት ነው የሚወጣው። ሾፌሩም ቀኑን ሙሉ አንገቱን አዙሮ ነው የሚሠራ። የሃይድሮሊኩ ሊቨሩን በተቃራኒ ስትገፋው ይፈታል፣ ሥራውም ከፊትህ ነው። ሐጂ ይኼን መምረጣቸው ትክክል ነበር።

ችኮላቸውም ምክንያት አለው። እዚህ አካባቢ የሚመከረው የቡና ጉድጓድ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግኙ 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገራችን የገባውን የቡና ፍሬ በሽታ እንዲቋቋሙ ከተመረጡት አንዱ፣ በቁመቱ አጠር፣ በቅርንጫፉ ሰብሰብ ያለ። በሁለት ሜትር ርቀት ሲተከል ለአንድ ሄክታር 2,500 ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ለሐጂ ሁለት ሄክታር 5,000። ጉድጓዱ በበጋ ተቆፍሮ፣ ፀሐይና አየር አግኝቶ፣ ከላይኛው አፈርና ከብስባሽ ጋር ተመልሶ ተሞልቶ ሰኔን መጠበቅ አለበት። በእሳቸው ማሳ አንድ ጎበዝ ቆፋሪ በዶማና በዲጂኖ በቀን 12 ያወጣል። ይህ ከ400 የሰው ቀን በላይ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ከዳውሮ የሚመጡት ቆፋሪዎችም ቀድሞ ለያዛቸው ሄደዋል። ማሽኑ የተገዛው ለዚህ ነው። ግን በሦስት ሳምንት የቆፈረው 400 ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ላይ የተፈረደው ፍርድ

ስደርስ ሦስት ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፦ ሐጂ፣ ሾፌሩ፣ እንዲሁም የቆፋሪዎቹ አለቃ የሆኑ አንድ አባት። ታሪኩን ሾፌሩ ነገረኝ። መጀመሪያ ጥሩ ይቆፍር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከሞተሩ ታች ዘይት መፍሰስ ጀመረ። ጋራዥ ወስደው ኦይል ሲሉን፣ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ የሚያሽገውን ቀለበት፣ አስቀየሩ። በአራተኛው ቀን እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ጠመዝማዛው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲገባ «ይደክመዋል»። ጋራዡ ያለው፦ የሞተሩ ውስጥ ተበልቷል፣ ትልቅ ሞተር ግዙ።

«ሲደክመው ምን ይሆናል? ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ያዘግማል?» አልኩት።

«ያዘግማል ጋሼ። አይቆምም፤ እንደ ሽማግሌ ነው የሚዞረው።»

አለቃው አባት ሳቁ። እኔ ግን ጉዳዩ ግማሽ በግማሽ የተፈታው እዚች መልስ ላይ ይመስለኛል። ጉልበት ያነሰው ኦጀር መሬት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን ወደ ታንክ የሚለቀው) ይጮሃል፣ ሾፌሩ ወደ ኋላ አዙሮ ያወጣዋል። የሚያዘግም ኦጀር ግን ብዙ ጊዜ በቂ ዘይት ያላገኘ ነው። በሃይድሮሊክ ጉልበት የሚመጣው ከግፊት ነው፣ ፍጥነት የሚመጣው በደቂቃ ከሚያልፈው የዘይት መጠን። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የማየው ስሕተት ነው፤ እኔም ተለማማጅ ሆኜ በዚሁ ምክንያት የሰው ደህና ፓምፕ ፈትቻለሁ።

ጠመዝማዛውን ከመሬት አንሥተን በአየር ላይ እንዲያዞረው አደረግሁ። አንዱን ክንፍ በጠመኔ ምልክት አድርጌ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። ትራክተሩ ናፍጣው ሙሉ ተሰጥቶት፣ ጠመዝማዛው በደቂቃ 41 ዙር። የትራክተሩ መጽሐፍ ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት 30 ሊትር በደቂቃ ይሰጣል ይላል፤ የኦጀሩ ሞተር ላይ የተጻፈው በአንድ ዙር 400 ሲሲ ነው። 30 ሊትር 30,000 ሲሲ ነው፤ ለ400 ስታካፍለው 75። በውስጥ የሚያመልጠውን ቀንሰህ 70 ዙር ልታገኝ ይገባል። 41 ማለት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ሌላ ቦታ እየሄደ ነው።

ከዚያ የግፊት መለኪያ ጌጅ አስገባሁ፣ በመግቢያው ቱቦ ላይ። አሁንም በአየር ላይ፣ ምንም ሳይቆፍር፣ 158 ባር። ሦስት ጊዜ አየሁት። ባዶ አየር ለማዞር 20 ወይም 30 ባር በቂ ነው፤ 158 ባር ማለት ሞተሩ ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ ነው። ሞተሩ ውስጡ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ በተበላው ቦታ በቀላሉ ስለሚያልፍ ግፊቱ ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይወጣም። ስለዚህ የሞተሩ ሞት ሐሰት ነው። ጌጁን ነቅዬ በመመለሻው ቱቦ ላይ አደረግሁት፤ 140 ባር። ከ10 በታች መሆን የነበረበት ቦታ።

መመለሻው ታፍኗል ማለት ነው። ዘይቱ በሞተሩ በኩል መውጣት ሲያቅተው የተረፈው በሪሊፍ ቫልቩ አድርጎ ወደ ታንክ ይመለሳል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ዘይት ሥራ አይሠራም፤ ሙቀት ብቻ ይሆናል። የታንኩ ጎን እጅ አያስቀምጥም ነበር።

በዚህ መሐል ሾፌሩ ቱቦው የት ጋ እንደታፈነ ለመፈለግ ይመስለኛል በመዳፉ ቱቦውን ይዳብስ ጀመር። ጮህኩበት፤ ደነገጠ። ይኼን እዚህ የምጽፈው ሥራው ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስለሆነ ነው። በ150 ባር ግፊት ያለ ቱቦ መርፌ በምታህል ቀዳዳ ከተበሳ የሚወጣው ዘይት ለዓይን አይታይም፣ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የእሾህ ጫፍ ያህል ነው፣ ሰውየው «ምንም አይደለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማታ እጁ ያብጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካልከፈተው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። የሚፈስ ነገር የሚፈለገው ትራክተሩን አጥፍቶ፣ ግፊቱን አውጥቶ ነው፤ የግድ እየሠራ መታየት ካለበት በካርቶን ቁራጭ ነው፣ ካርቶኑን በረጅም እንጨት ጫፍ ይዞ።

ኩፕለሯና ሦስተኛዋ ቱቦ

ትራክተሩን አጥፍተን፣ ሊቨሩን ወዲያ ወዲህ ብለን ግፊቱን አውጥተን፣ የመመለሻውን ኩፕለር ፈታሁ። ኩፕለር ማለት ሁለቱን ቱቦ ያለ ቁልፍ በእጅ የምታያይዘው ነው። በሁለቱም በኩል ውስጡ ትንሽ ፒን አለ፤ ሲገጣጠሙ አንዱ ፒን ሌላውን ይገፋል፣ መንገዱ ይከፈታል። ሲለያዩ ሁለቱም ይዘጋሉ። የትራክተሩ በኩል የፋብሪካው ነበር። የቱቦው በኩል ግን አዲስ ሆኖ ያበራል።

«ይኼ መቼ ተቀየረ?»

ሾፌሩ ሐጂን አየ። ሐጂ ሾፌሩን አዩ። «የድሮው ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጠፋ» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «ከገበያ አንድ ዓይነት የሆነውን ገዛን። ልክ ገባ።»

ልክ ገብቷል፤ ጠቅ ብሎ ተቆልፏል። ግን የመግቢያውን ፈትቼ ጎን ለጎን ስለካው ያዲሱ ፒን በሁለት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ተገጣጥሞ ሳለ የሌላውን ፒን ሙሉ በሙሉ አይገፋውም፤ በር ገርበብ ብሎ እንደ ማለት ነው። እግዜር ይስጠው፣ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ የማይበልጥ ዕቃ ትልቅ ሞተር ሊያስገዛ ነበር።

ይህ ዝግታውንና ሙቀቱን ይመልሳል። ኦይል ሲሉ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተበጠሰ ግን ለብቻው ምክንያት አለው፤ የሞተሩን ጎን ሳይ አገኘሁት። ሞተሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ሁለቱ የዋናው ዘይት መግቢያና መውጫ። ሦስተኛዋ ቀጭኗ ቀዳዳ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን የሚያመልጥ ዘይት ያለ ምንም ግፊት ወደ ታንክ የምትመልስ ናት። ሻጩ ሦስት ቱቦ ሰጥቷቸው ነበር፤ ትራክተሩ ላይ ግን ያለው ሁለት መሰኪያ ብቻ ስለሆነ ሦስተኛዋ «ትርፍ» ሆና ቀዳዳዋ በቡሎን ተወትፋለች። መመለሻው ደህና በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙም አልጎዳ ይሆናል። መመለሻው ሲታፈን ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት አብሮ ወጣ፤ መውጫ ሲያጣ ያገኘው ደካማ ቦታ የዘንጉ ኦይል ሲል ነው። አሥር ጊዜ ቢቀየር አሥር ጊዜ ይፈስ ነበር።

ጥገናው ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ኩፕለሮቹን ሁለቱንም ወገን ከአንድ ሠሪ፣ በጥንድ አስገዛሁ። ለሦስተኛዋ ቱቦ የዘይት መሙያውን ክዳን በስተን በቀጥታ ወደ ታንክ አስገባናት፤ ኩፕለር አላደረግሁባትም፣ ማንም ሊረሳው የሚችል ነገር እንዳይኖር። የተቃጠለ የሚሸተውን ዘይት ከነማጣሪያው ቀየርን። ሦስተኛ ኦይል ሲል ገባ። ከዚያ በአየር ላይ 71 ዙር፣ መግቢያ 28 ባር፣ መመለሻ 8 ባር። መሬት ውስጥ አስጨንቀን ስናቆመው መግቢያው 165 ድረስ ወጣ፤ ያ ግፊት በ400 ሲሲ ሞተር ላይ፣ ኪሳራውን ቀንሰህ፣ 900 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ጉልበት ይሰጣል። ለ45 ሳንቲ ሜትር ጠመዝማዛ በደረቅ ቀይ አፈር ይበቃል።

ሐጂ ደስ አላቸው። በዚያው ምሳ ላይ «እንግዲህ 60ውን ጠመዝማዛ ላዘው፤ ጉድጓዱ አንደኛውን ልኩን ይያዝ» አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ከ45 ወደ 60 በስፋት ሲታይ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ የሚቆርጠው አፈር ግን በ1.8 እጥፍ ይጨምራል። ፓምፑ ያው ፓምፕ፣ ግፊቱ ያው ግፊት ነው። ያን ጊዜ እውነትም ቀጥ ብሎ የሚቆም ኦጀር ይኖረናል።

መሬት ላይ

ማሽኑ ተጠገነ ማለት ሥራው ተጀመረ ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቀን አብሬያቸው ቆየሁ፤ አልተከፈለኝም፣ ሥራውን ማየት ፈልጌ ነው። የካቲት 5 ቀን ጀመርን።

የሾፌሩ የመጀመሪያ ልማድ በሎደሩ ክንድ መጫን ነበር። ጠመዝማዛው ሲዘገይበት የሎደሩን ሊቨር ወደ ታች ይገፋል። ይኼን ሲያደርግ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ፓምፑ አንድ ስለሆነ ዘይቱ ለክንዱና ለኦጀሩ ይከፈላል፤ ኦጀሩ ይባስ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ ክንዱ ታች ያለውን ሲገፋ የትራክተሩ አፍንጫ ይነሣል፤ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት አንድ ስንዝር ተነሥተው በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የጫፉ ጥርስ ስለት ካለው ጠመዝማዛው በራሱ ክብደት ይበላል፤ የክንዱ ሥራ እየተከተለ መውረድ ነው። ከትራክተሩ ኋላ ደግሞ ድንጋይ የሞላንበት ሳጥን አሰርን፣ ኦጀሩን ከፊት አንሥቶ ሲሄድ ሚዛን እንዲይዝ።

ሌላው የቅስቱ ጉዳይ ነው። የሎደር ክንድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ቅስት ይሠራል። ኦጀሩ በሁለት ፒን ስለተንጠለጠለ አየር ላይ ሳለ ቀጥ ይላል። መሬት ውስጥ ግማሹ ከገባ በኋላ ግን ክንዱ ወደ ራሱ ሲስበው ጉድጓዱ ይዘማል፣ ጠመዝማዛውም ግድግዳውን እየፋቀ ጉልበት ያባክናል። መፍትሔው ትራክተሩን በጣም በዝግታ፣ ጣት ጣት እያለ፣ ማስጠጋት ነው። ይኼን ለሾፌሩ በቃል ማስረዳት አልቻልኩም። አለቃው አባት መጥተው ጠመዝማዛው ፊት ለፊት፣ አራት ሜትር ያህል ርቀው ቆሙና በእጃቸው ብቻ «ና… ና… በቃ» እያሉ መሩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጃቸው ሳያስፈልግ ተለማመደው።

ትልቁ ነገር ግን አፈሩ ነው። ጅማ አካባቢ ያለው ጥልቅ ቀይ አፈር ላዩ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ብስባሽና ሕይወት ያለው እሱ ነው። በእጅ የሚቆፍር ሰው ይኼን ሳይነገረው ያውቀዋል፦ የላዩን በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ይቆልላል፣ ሲሞላ የላዩን ያስቀድማል። ኦጀሩ ይኼን አያውቅም። እስከ 60 በአንድ ጉዞ ከወረደ ሁሉንም ቀላቅሎ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ቀለበት አድርጎ ይተፋዋል። ስለዚህ በሦስት ንክሻ አደረግነው። በመጀመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወርዶ፣ ተነሥቶ፣ አፈሩን ተሸክሞ፣ ትራክተሩ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ዞር ብሎ በፍጥነት አሽከርክሮ ያራግፈዋል። ቀጥሎ የቀረውን በሁለት ጊዜ። ለአንድ ጉድጓድ አራት ደቂቃ። ንክሻውን ብናስረዝም ሁለት ደቂቃ ተኩል ይበቃ ነበር፤ አለቃው አባት ግን እንቢ አሉ። «ልጄ፣ ቡናው የሚበላው እኮ የላዩን ነው» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም።

ሒሳቡ

በቀን 90 ጉድጓድ ወጣ። ሐጂ በመጀመሪያው ማታ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ግን ሜትር ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ወረዱ፤ ነጋዴ ናቸውና ሳይለኩ አይቀበሉም።

45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ በ60 ጥልቀት የሚይዘው 95 ሊትር ገደማ አፈር ነው። 60 በ60 በ60 የሆነው ካሬ ግን 216 ሊትር። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ማሽኑ ቆፈረ የምንለው የጉድጓዱን ልብ ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹ አሉ። ስለዚህ ከማሽኑ ኋላ ሦስት ሰው በዲጂኖና በአካፋ አሰለፍን፤ ግድግዳውን ወደ ካሬ ይሰብራሉ፣ አፈሩን ያወጣሉ። መሐሉ ባዶ ስለሆነ ዲጂኖው የሚወረውረው አፈር የሚወድቅበት ቦታ አለው፤ ሥራው ከአዲስ ቁፋሮ ጋር አይወዳደርም። አንድ ሰው በቀን 30 ይጨርሳል።

ይህን ጨምረን እንቁጠር። ሾፌር፣ መሪ፣ ሦስት ዲጂኖ ያዥ፤ አምስት ሰው 90 ጉድጓድ፣ ለአንድ ሰው 18። በእጅ ብቻ 12 ነበር። ስለዚህ 5,000ው ሙሉ በሙሉ በማሽኑ ቢሆን 280 የሰው ቀን ገደማ፣ በእጅ ቢሆን 417። ሲሶው ተርፏል፤ በሌላ በኩል በቀን 20 ሊትር ናፍጣ፣ የጥርስ መቀየሪያ፣ የእኔም ክፍያ አለ። ሐጂ ጣታቸውን እየቆጠሩ «ታዲያ ያተረፍኩት ምኑን ነው?» አሉ።

«ወሩን ነው ሐጂ» አልኳቸው። አምስት ሰው በእጅ በቀን 60 ቢያወጣ 83 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ በማሽኑ 56። ሃያ ሰባት የሥራ ቀን ማለት ዓርብንና እሑድን ስትጨምርበት ከአንድ ወር ይበልጣል። ቆፋሪ እንደ ልብ የሚገኝበት ዓመት ቢሆን በእጅ ያስቆፍሩ ነበር፣ እኔም ያንኑ እመክራቸው ነበር። ያ ዓመት ግን እንደዚያ አልነበረም፤ ሰው አጥተዋል።

ዝናብ ሲገባ

እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ከጥር ጋር 4,300 ያህል ተቆፈረ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት፤ በጋዋ አጭር ነው፣ መጋቢት ላይ ደመናው መመላለስ ይጀምራል። የቀሩት 700 ጉድጓዶች የወደቁት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ከማሳው ዝቅ ባለው ወገን።

በሚያዝያ አጋማሽ ሐጂ እንደገና ደወሉ። «ማሽንህ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ለሰነው» አሉኝ። ማሽኑ የእሳቸው ነው፤ ሲበላሽ ግን የእኔ ይሆናል።

ሄጄ ጉድጓድ ውስጥ እጄን ከተትኩ። እውነታቸውን ነው። በየካቲት የተቆፈሩት ግድግዳቸው ሻካራ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነበር። ይኼኛው ያብረቀርቃል። የጠመዝማዛው መስመር ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ተስሎበታል፣ ጥፍሬን ባሳርፍበት ያንሸራትታል። ሸክላ ሠሪ ጀበናውን ከመተኮሷ በፊት በድቡልቡል ጠጠር ስታሸው ፊቱ እንዴት ልስልስ ብሎ እንደሚያበራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ይኼም ያው ነው። እርጥብ የሸክላ አፈር ላይ የሚዞር ብረት አፈሩን አይቆርጠውም፣ ያሸዋል። ውሃና አየር የሚያልፉበት ጥቃቅን ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል።

ሐጂ ሲሚንቶ ያሉትን ለመፈተን አንድ ነገር አደረግን። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉድጓዶች መረጥን፣ በአንድ ጠዋት የተቆፈሩ። አንዱን እንዳለ ተውነው። ሁለተኛውን አለቃው አባት በዲጂኖ ግድግዳውን ሁሉ ሰብረው ወደ ካሬው አሰፉት፣ ታቹንም ቧጠጡት። በመጀመሪያው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ በሰፊው ሁለት ጀሪካን አፈሰስን፤ ያኔ የውሃው ከፍታ በሁለቱም አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ እኩል ሊባል የሚችል ሆነ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ምሳ በልተን ስንመለስ ሰፊው ጭቃ ብቻ ቀርቶታል። ያልተነካው ውስጥ ግን በማግስቱ ጠዋት እንኳ አራት ጣት ውሃ ቆሟል፣ ትንኝ ይዞርበታል።

ቡና እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። ከዚያም በላይ ሥሩ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲያገኝ ሰብሮ አይወጣም፤ ይዞራል። ችግኙ ከፕላስቲክ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰፊ ፕላስቲክ የገባ ያህል ነው።

ለካስ የካቲት ላይ ለማዕዘኑ ብለን ያሰለፍናቸው ሦስት ዲጂኖ ያዦች ሳናስበው ይኼንንም ሥራ ይሠሩልን ኖሯል። ሚያዝያ ላይ ሐጂ ጊዜው ስላጠረባቸው ሁለቱን ወደ አረም አዛውረው ነበር። ከ700ው 300 ገደማው ተሰብሮ ሰፍቷል፤ ከ400 የሚያንሰው ኦጀሩ እንደተወው ነበር። ማሽኑን ያን ቀን አቆምን። ዝናብ ባልዘነበበት ሁለት ሦስት ቀን ግድግዳው ጠፈፍ ሲል ለመስበር ይቀላል፤ እንደዚያ እየጠበቁ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጨረሱት። ከታችኛው ጥግ ያሉት 40 ያህል ጉድጓዶች ግን አፈራቸው ውሃ የሚይዝ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዲጂኖውም አልረዳቸው፣ ውሃው ከጎን እየመጣ ይሞላቸዋል። እዚያ ላይ ቡና እንዳይተክሉ መከርኳቸው። ሠላሳውን ለሙዝ አደረጉት። አሥሩን «ዕድሉን ይሞክር» ብለው ቡና ተከሉበት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ገባሁ። አሥሩ ችግኞች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል። ሐጂ አንዱን ራሳቸው ነቅለው አሳዩኝ፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። የላይኞቹ ረድፎች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። ኦጀሩ ከሼዱ ሥር ታጥቦ ቆሟል፣ ኩፕለሮቹ በፌስታል ታስረዋል፣ ሦስተኛዋ ቱቦ በቦታዋ ናት፤ አራተኛ ኦይል ሲል አላስፈለገም።

ሾፌሩ እንደነገረኝ ጎረቤቶች ማሽኑን ለመጪው በጋ ለመከራየት ከአሁኑ እየመጡ ነው። ሐጂ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዲጂኖ የሚይዝ ሦስት ሰው አለህ?» የሌለው ሰው ቡና ጠጥቶ ይሸኛል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ማሽኑ ለማንም አይወጣም፣ ለእሳቸው ለራሳቸውም ጭምር።